የሰው ተጋላጭነትና አጋርነት በካቶሊክ ሥነ ምግባር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቁምስናችን ሕሙማንን ከሚጠይቁ ሰዎች አንዱ ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ስንቆም፣ ወይም ከታማሚ ቤት ወጥተን መንገድ ላይ ስናወጋ፣ የሚነሱት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንድ ላይ አሰባሰብኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችውን ከኔ አስተያየት ለመለየት ሞክሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ተጋላጭነት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉን የወሰዱት ከላቲኑ «ቩልኑስ» ነው። ቁስል ማለት ነው። ስለዚህ በነሱ ቃል ተጋላጭ ሰው ማለት ሊቆስል የሚችል ሰው ነው። የኛ ቃል ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ተጋለጠ ስንል ሽፋኑ ተነሣበት፣ ብርድ መታው፣ ሰው አየው ማለታችን ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሰው ሊቆስል ይችላል፤ ቁስሉም ለሰው ዓይን ይጋለጣል። ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛውን የምንፈራ ይመስለኛል።

የሥነ ምግባር ነገረ መለኮት መምህራን ቃሉን በሁለት መልክ ይጠቀሙበታል። አንደኛው የሁላችን ነው። ማንም ራሱን አዝሎ አላደገም። ሁላችንም በሰው ጡት፣ በሰው ጀርባ፣ በሰው እጅ እዚህ ደርሰናል። ብንሸመግልም ወደዚያው እንመለሳለን። ሁለተኛው ግን በእኩል የተከፋፈለ አይደለም። ጎርፍ በሚወርድበት ቦይ ዳር ቤት የሠራ ሰው አለ። አሠሪዋ ፓስፖርቷን የያዘባት፣ ባሕር ማዶ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። የነሱ ተጋላጭነት ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፤ ሰው የሠራው ነው።

ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። «ሁላችንም ተጋላጭ ነን» ብቻ ካልን ባለቪላውንና ሠራተኛዋን አንድ እናደርጋቸዋለን። «እነዚያ ተጋላጮች» ብቻ ካልን ደግሞ ራሳችንን ከሰው ተራ አውጥተን ከላይ ወደ ታች ማየት እንጀምራለን።

ተጋላጭነት ድክመት አይደለም እንዴ? ክርስቲያን ጠንካራ መሆን የለበትም?

ወንጌሉን ስናነብ የምናገኘው ጌታ በግርግም የተኛ፣ በአልዓዛር መቃብር ፊት ያለቀሰ ነው። በጌቴሴማኒ ሌሊት ሦስቱን ደቀ መዛሙርት «ከእኔ ጋር ትጉ» አላቸው። ይህን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ብቻዬን አትተዉኝ ማለቱ ነው። እነሱም ተኙ።

ሌላው ከትንሣኤ በኋላ ያለው ነው። ሞትን ካሸነፈ በኋላ ቁስሎቹ መጥፋት ነበረባቸው ብለን ልናስብ እንችላለን። አልጠፉም። ቶማስ ያወቀው በነሱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም «ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚለውን ቃል የሰማው እሾሁ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ከለመነ በኋላ ነው።

ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ማለት ስቃይ መልካም ነገር ነው ማለት አይደለም። ረሃብ ቅዱስ አይደለም። በባሏ የምትደበደብ ሴት «መስቀልሽን ተሸከሚ» ከተባለች ወንጌል አልተሰበከላትም። የክርስቶስን ቁስል የምናከብረው በሰው ላይ ሌላ ቁስል እንዳንጨምርና የቆሰለውን እንድናክም ነው።

አጋርነት ከማዘን በምን ይለያል?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መልስ ያለው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1987 ባወጡት «ሶሊቺቱዶ ሬይ ሶሻሊስ» በተባለው መልእክት፣ በቁጥር 38 ላይ ነው። አጋርነት በሩቅም በቅርብም ላሉ ሰዎች መከራ ሆድን ባር ባር የሚያሰኝ ስሜት ብቻ አይደለም ይላሉ። ለጋራ ጥቅም ራስን ለመስጠት የተወሰነ፣ የጸና ቁርጠኝነት ነው። ምክንያቱንም ያስቀምጣሉ፦ ሁላችንም ለሁላችን ኃላፊዎች ነንና።

ይህ ዐረፍተ ነገር ከጀርባው የመርከብ ፋብሪካ አለ። ጳጳሱ ፖላንዳዊ ነበሩ። በነሐሴ 1980 በግዳንስክ ከተማ አና ቫለንቲኖቪች የምትባል የክሬን ነጂ ከሥራ ተባረረች። ጡረታ ለመውጣት የቀራት 5 ወር ብቻ ነበር። ነሐሴ 14 ቀን የሥራ ባልደረቦቿ ሥራ አቆሙ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሷ እንድትመለስ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ከሁለት ቀን በኋላ የሆነው ነው። ቅዳሜ ዕለት የፋብሪካው አመራር እሺ አለ። አና ትመለሳለች፣ ደመወዝም ይጨመራል። ሠራተኛው ደስ ብሎት ዕቃውን ሰብስቦ ወደ በሩ መውጣት ጀመረ። ያሸነፈ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። ነገር ግን በእነሱ ምክንያት ሥራ ያቆሙ ትናንሽ ድርጅቶች፣ የትራም ሾፌሮች ጭምር፣ ገና ምንም አላገኙም ነበር። ትልቁ ፋብሪካ ጥሏቸው ከሄደ ያለቀላቸው ናቸው። ያን ጊዜ አናና ጥቂት ሴቶች ወደ በሮቹ ሮጡ። የሚወጣውን ሰው እየለመኑ፣ እየጮኹ አስቆሙት። ብዙው ሄደ፤ የቀረው ግን ቀረ። አድማው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የራሳቸው ጥያቄ ለተመለሰላቸው ሰዎች የሌሎች ጥያቄ ሆነ። በማግስቱ እሑድ በፋብሪካው በር ላይ ቅዳሴ ተቀደሰ። ነሐሴ 31 ስምምነቱ ሲፈረም 21 ጥያቄዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበሩም ስም «ሶሊዳርኖሽች» ሆነ፤ አጋርነት ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዩዜፍ ቲሽነር የሚባሉ ካህንና ፈላስፋ በክራኮው ቫቬል ካቴድራል ለማኅበሩ መሪዎች ሰበኩ። የያዙት ቃል የገላትያ መልእክት ነበር፦ እያንዳንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም። ሌላ ትርጉም ፍለጋ አልሄዱም።

በማዘንና በአጋርነት መካከል ያለውን ልዩነት ሲጠይቁኝ ያንን በር ነው የማሳየው። ልባቸው ያዘነ ግን መንገዳቸውን የቀጠሉ ብዙዎች ነበሩ። መጥፎ ሰዎች አልነበሩም፤ ደክሟቸው ነበር።

ታዲያ ስሜት ዋጋ የለውም ማለት ነው?

አይደለም። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ እንይ። መጽሐፋችን «አይቶትም አዘነለት» ይላል። የግሪኩ ቃል ግን ሥሩ የሆድ ዕቃ ነው፤ አንጀት። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። «አንጀቴን በላው»፣ «አንጀቴ ተላወሰ» እንላለን። ወንጌላዊው የጻፈው ይህንኑ ነው። ካህኑም ሌዋዊውም አይተውታል። አንጀቱ የተላወሰው ሳምራዊው ነው።

ታሪኩ እዚያ ላይ አያበቃም። ቁስሉን አሰረ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ በገዛ አህያው ጫነ። በማግስቱ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚህ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍላለሁ አለ። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ሳምራዊው ብቻውን ሁሉን አልተሸከመም። ሌላ ሰው አስገባ፣ ሒሳብ ከፈተ፣ ቀጠሮ ያዘ። አንጀት ጀመረው፤ ሥርዓት አስቀጠለው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2020 «ፍራቴሊ ቱቲ» በሚለው መልእክታቸው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ ታሪክ ሰጥተዋል። እዚያ ካነሷቸው ነገሮች አንዱን ልብ በሉት። ጠያቂው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» አለ። ጌታ ግን ጥያቄውን ገልብጦ መለሰለት፦ ለወደቀው ባልንጀራ የሆነው ማን ነው? የኔ ወገን ማን እንደሆነ መቁጠሩን ትተን እኛ ለማን እንደምንቀርብ እንድናይ ነው።

ለምንድን ነው መቀበል ከመስጠት የሚከብደው?

ይህን የሚጠይቁኝ ታማሚዎቹ ናቸው። ስለ አባቴ ልንገራችሁ።

አባቴ በሰፈራችን ለቅሶ ሲኖር መጀመሪያ የሚደርስ ሰው ነበር። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚቆጥረው እሱ ነው። ኋላ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ከሁሉ የከበደው ጢሙ ነበር። በየማለዳው የሚላጭ ሰው ነበራ። ጎረቤታችን ሥራ ከመግባቱ በፊት ሳፋ፣ ሳሙናና ምላጭ ይዞ ይመጣ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። «ተው፣ አትድከም» ይለዋል። ጎረቤታችን ዝም ብሎ አረፋውን ይቀባል። «ጋሼ፣ ትንሽ ወደኔ» ብቻ ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የውኃውን ድምፅ ሲሰማ አባቴ አገጩን ራሱ ቀና ማድረግ ጀመረ።

ያደግንበት ባህል ገበናን መሸፈን ያስተምራል። ብዙ ደግነት አለበት፤ የሰውን ነውር አደባባይ ላለማውጣት ነው። ግን ያው መጋረጃ የመርሳት ሕመም የያዛትን እናት ከእንግዳ ይደብቃል። አካል ጉዳተኛ ልጅን ጓዳ ያስቀምጣል። ሥራ ያጣ አባወራ በየማለዳው ለብሶ ከቤት እንዲወጣ ያደርገዋል። ለሰው ለመድረስ የሚያህለን የለም፤ ሰው እንዲደርስልን ግን አንፈቅድም። ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ አጥብቄ የምይዘው።

ካቶሊኩ ፈላስፋ አላስዴር ማኪንታየር በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ ጽፏል። የሰው ልጅ የሚያድገው በመስጠትና በመቀበል መረብ ውስጥ ነው ይላል። ጥገኛ መሆናችንን ማመንና በጸጋ መቀበል ራሱ ምግባር ነው፤ ልክ እንደ ልግስና ሊለመድ ይገባዋል። መስጠት ብቻ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ሁልጊዜ ባለዕዳ ያደርገዋል።

እድር ይህን ሁሉ አይሠራም ወይ?

ብዙውን ይሠራል። በሥነ ምግባር መጻሕፍት «የጋራ ጥቅም» የሚባለውን ነገር ለማስረዳት ከእድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሁለት ጥያቄ ይጨምርበታል። አንደኛ፣ መዋጮ መክፈል ያቃተውና ከመዝገብ የተሰረዘውስ ማን ይደርስለታል? ሁለተኛ፣ ለመሞቱ የምንደርስለት ሰው በሕይወት እያለ አልጋ ላይ ለሦስት ዓመት ሲተኛ የት ነበርን? «ለድሆች ቅድሚያ መስጠት» የሚባለው ትምህርት፣ በላቲን አሜሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች በ1968 በሜደዪን፣ በ1979 ደግሞ በፑኤብላ ጎልቶ የወጣው፣ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከአባላት ዝርዝር ውጭ ያለውን።

መጽውቼ አይበቃኝም? ስለ ፖለቲካ ለምን ይነሣል?

ምጽዋት ግዴታ ነው፤ ማንም አልሻረውም። ግን ያው የ1987ቱ መልእክት «የኃጢአት መዋቅሮች» የሚል ቃል ይጠቀማል። የብዙ ሰዎች ስስትና ዝምታ ተጠራቅሞ ሕግና ልማድ ሲሆን ማለት ነው።

በሐምሌ 2013 ፍራንቸስኮስ ከሮም ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄዱት ወደ ላምፔዱዛ ደሴት ነበር። በባሕር ለሞቱት ስደተኞች የአበባ ጉንጉን ውኃው ላይ ጣሉ። የቀደሱበት ጽዋ ከተሰበረ የስደተኛ ጀልባ እንጨት የተጠረበ ነበር። በስብከታቸው ከዘፍጥረት «ወንድምህ ወዴት ነው?» የሚለውን አንሥተው፣ ለእነዚህ ሰዎች ያለቀሰ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ በዚያው ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጠመች። 368 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ያን ሰሞን በየቤቱ የነበረውን ለቅሶ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

ለነዚህ ሰዎች ማልቀስ ይገባል። ግን ሰው ለምን በዚያ ጀልባ ይሳፈራል? ሌላ በር ማን ዘጋበት? ማን አስወጣው? ሊቢያ ውስጥ ማን ይሸጠዋል? ኤርትራዊው ካህን አባ ሙሴ ዘርአይ ለዓመታት ስልካቸውን ክፍት አድርገው ከባሕር ላይ የሚደወል ጥሪ ይቀበሉ ነበር። የጀልባዋን አቅጣጫ ጠይቀው ለባሕር ጠባቂዎች ያስተላልፋሉ። ስልክ ቁጥራቸው ሊቢያ ውስጥ በእስር ቤት ግድግዳ ላይ ተጭሮ ነበር። እሳቸው ጥሪውን ይመልሱ ነበር፤ ሕጉ እንዲቀየርም ይሟገቱ ነበር። ሁለቱን አልነጣጠሉም።

የማይድን ሕመምስ? ቤተ ክርስቲያን ዝም ብለህ ተሰቃይ ትላለች?

አትልም። ሕይወትን ሆን ብሎ ማጥፋትን አትቀበልም፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን ጥቅም የሌለውን፣ ከሚያስገኘው ይልቅ ሸክሙ የሚከብደውን ሕክምና ማቆም ይቻላል። ሕመም ማስታገሻም ይሰጣል። በ2020 ከቫቲካን የወጣው «ሳማሪታኑስ ቦኑስ» የሚል ሰነድ አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል፦ መዳን የማይችል ማለት እንክብካቤ የማይገባው ማለት አይደለም። እኛ ጠያቂዎቹ ታማሚ ቤት ስንገባ ብዙ ጊዜ የምናደርገው መቀመጥ ነው። ከንፈር በውኃ ማርጠብ። ትራስ ማስተካከል። ማውራት ግዴታ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ያቆሰለቻቸው ሰዎችስ?

ይህን ጥያቄ የሚያልፍ ሰው ስለ ተጋላጭነት ባይናገር ይሻላል። ካህናት ሕፃናትን በድለዋል፤ አለቆቻቸውም ሸፍነዋል። እዚህ ላይ መሸፈን የሚለው ቃል ትክክለኛ ትርጉሙን ያገኛል።

አንድ ምሳሌ እነሆ። ዣን ቫኒየ በ1964 በፈረንሳይ አንዲት መንደር «ላርሽ» የተባለውን ማኅበር መሠረተ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች አንድ ቤት የሚኖሩበት ነው። ስለ ተጋላጭነት የሱን ያህል የተሰማ ሰው ጥቂት ነው። በ2019 ሞተ። በ2020 ማኅበሩ ራሱ ያስጠናው ጥናት ሰውዬው መንፈሳዊ ሥልጣኑን ተጠቅሞ ቢያንስ 6 ሴቶችን እንደበደለ ይፋ አደረገ። አካል ጉዳተኞች አልነበሩም፤ መንፈሳዊ ምክር ፈልገው የቀረቡ ሴቶች ነበሩ። ስሰማ አመመኝ። የሱን ቃል ለሰው ጠቅሼ አውቃለሁ።

በ2019 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ «ተጋላጭ ሰው» የሚለውን እንዲህ ይተረጉማል፦ በሕመም፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም ነፃነቱን በማጣት፣ አንዳንዴም ቢሆን፣ ነገሩን ለመረዳት ወይም ለመቃወም ያለው አቅም የተወሰነበት ሰው። «አንዳንዴም ቢሆን» የሚለው ትልቅ ነገር ነው። ልቡ ተሰብሮ ንስሐ አባቱ ፊት የተቀመጠ አዋቂ ሰውም በዚያች ሰዓት የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ልብን መክፈት መልካም ነው ብለን ስናስተምር፣ የሚከፈትለት ሰው የሚጠየቅበት ሥርዓት መኖሩን አብረን ማረጋገጥ አለብን። በኛ ቡድን ማንም ሰው ብቻውን ወደ ታማሚ ቤት አይሄድም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሆነን ነው።

ከየት ልጀምር?

የሚደበቅ ሰው ካለበት ቤት። በሰፈራችሁ አንዱን ታውቁታላችሁ። ባዶ እጅ መሄድ ይቻላል። «ምን ላድርግልዎ?» ከማለት ይልቅ «ሐሙስ ጠዋት መጥቼ ልብስ አጥባለሁ» ማለት ይቀላል፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው ለመጀመሪያው «ምንም» ብሎ ነው የሚመልሰው። ደግሞም ከመሄዳችሁ በፊት የናንተን ችግር ለአንድ ሰው ንገሩ። ይህን ያልሞከረ ጠያቂ ታማሚ ፊት እንደ ሹም ይቀመጣል።

ካቶሊክ ካልሆንኩ ይመለከተኛል?

«ፍራቴሊ ቱቲ» የተጻፈው በጎ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ሁሉ ነው። ፍራንቸስኮስን ለዚህ ካነሣሷቸው ሰዎች መካከል በስም የጠቀሷቸው የአል አዝሃሩ ታላቅ ኢማም አሕመድ አል ጠይብ ናቸው፤ ሁለቱ በየካቲት 2019 በአቡ ዳቢ የሰው ልጆችን ወንድማማችነት የሚመለከት ሰነድ አብረው ፈርመዋል። በወንጌሉ ታሪክም ቁስሉን ያሰረው ሰው አድማጮቹ ከሃይማኖታችን ውጭ ነው የሚሉት ሳምራዊ ነበር።